ፍርዱን ለባላጋራቸው የሰጡት ሰው

ጋሽ አስፋው መሞታቸውን የሰማሁት ኮልፌ ገበያ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የነገረችኝ የድሮ ጎረቤቴ ብርቄ ናት። «አልሰማሽም እንዴ? ቀበርናቸው እኮ» አለችኝ፣ ስለ ዘይት መወደድ የምታወራ ይመስል። ተናደድኩ። መርዶ ወግ አለው፤ በማለዳ ተመጥቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው እንጂ በሽንኩርት ክምር መሀል አይነገርም። ልቆጣት አፌን ስከፍት እሷም እንባዋ ቀድሟት አየሁና ተውኩት።

«ማን ተናገረላቸው?» አልኳት።

«ማንም» አለችኝ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲጠብቅ ቆየ አሉ። ድሮ እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ተነስተው የሚናገሩት እሳቸው ስለነበሩ፣ ለቀስተኛው ሳያስበው እሳቸው እስኪነሱ ነበር የሚጠብቀው። በኋላ አንዱ ሽማግሌ አፈረና «በሉ እንግዲህ ነፍስ ይማር» ብሎ ሰውን በተነ። ያን የመሰለ አንደበት የነበረው ሰው በሁለት ቃል ተሸኘ ማለት ነው። ሽንኩርቱን ጥዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ብዙ ተናጋሪም ሰምቻለሁ። በሬዲዮ የሚጮኸውን፣ አደባባይ ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈውን፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልቤን የነካው ግን አንድ ኮርቻ ሰፊ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢናገር አላምንም። እሳቸው ናቸው ያስተዉኝ።

ጋሽ አስፋው ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሰው ነበሩ። ኮልፌ መንገድ ዳር በጠባብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኮርቻና ልጓም ይሰፉ ነበር። እኛ ባወቅናቸው ጊዜ በቅሎ የሚጭን ሰው እያነሰ፣ መኪናው እየበዛ ነበርና ቀበቶም፣ የልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳም ይሰፋሉ። ወስፌ የያዘው አውራ ጣታቸው ደንድኖ እንደ ቀንድ ሆኖ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው እማማ ድንቄ ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ብቻቸውን ነበሩ ማለት ግን ይከብዳል፣ ሱቃቸው ሰው ተለይቶት አያውቅም። እዚያ የሚሄደው ሁሉ ቦርሳ ሊያሰፋ እንዳይመስላችሁ። ሊሰማቸው ነው።

ንግግር የተማሩት በልጅነታቸው ነው። ባላገር ሳሉ ለአንድ የአገር ዳኛ አድረው የዳኛውን በቅሎ ይይዙ ነበር። ዳኛው ዋርካ ሥር ችሎት ሲቀመጡ እሳቸው ልጓሟን ይዘው ቆመው ሙግት ይሰማሉ። ያን ጊዜ ሰው የሚሟገተው በአፉ ነው። ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን አቁሞ፣ ባላጋራውን እያየ ነው። ስለዚያ ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራ ነበር። እከሌ እንዴት እንደረታ፣ እከሌ በአንዲት ቃል እንዴት እንደተረታ፣ ከአርባ ዓመት በፊት የተባለውን ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል።

አንድ ቀን ለመቀለድ ያህል «ጋሼ፣ እኔንም ያስተምሩኝ፤ ታደሰን ልርታበት» አልኳቸው። ታደሰ ባሌ ነው። አልሳቁም። ይህን ነገር በጭራሽ እንደ ቀልድ አያዩትም። ወስፌውን አስቀምጠው ነገሩኝ። ስትጀምሪ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ሰው ወዳንቺ ጎንበስ ይበል አሉኝ። የባላጋራሽን እውነት አንቺው ቀድመሽ ተናገሪለት፣ ያኔ የሚይዘው ያጣል አሉኝ። ሰው ሊጠግብ ሲል አቁሚ፣ የተረፈውን ቤቱ ሄዶ ለራሱ ይጨርሰዋል አሉኝ። እኔ ይህን ለታደሰ ሞክሬ አልሆነልኝም። ድምፄን ዝቅ ማድረግ ድሮም አይሆንልኝም።

ደግሞ ፍጹም ሰው ነበሩ አልልም። መሰማት ይወዱ ነበር። አንድ ጠዋት ሱቃቸው በር ላይ ብደርስ ብቻቸውን ቆመው ላልተጨረሰ ኮርቻ ሲናገሩ አገኘኋቸው። በሚቀጥለው ቀን የእድር ስብሰባ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው፣ ዝም ብለው፣ ቀስ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ያችን ዝምታ ሳይቀር ያጠኗት ነበር። ሲያዩኝ ደነገጡና ኮርቻውን የሚፈትሹ መሰሉ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ። በማግስቱ በእድሩ ያችኑ ዝምታ ዝም ሲሉ ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም የማውቀው ሰው ትንፋሼን ዋጥኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበባቸው ግን ሌላ ነበር። ወፍጮ ቤት የነበረው ተክሌ ሚስቱን በሆነ ባልሆነው ጠርጥሮ ከነልጇ ያባረራት ጊዜ፣ ሽማግሌዎች ሄደው ለመኑት። እንቢ አለ። እንደገና ሄዱ። እንቢ አለ። በሦስተኛው ጋሽ አስፋው አብረው ሄዱ። አልለመኑትም። ስለ እሱ ክብር፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ እሷ እንግድነት ተናገሩና መጨረሻ ላይ ብድግ ብለው፣ «ተክሌ፣ እኛ ሽማግሎች አንፈርድብህም። ዳኝነቱን ለአንተ ሰጥተንሃል። አንተው ፍረድ፤ የፈረድከውን ይዘን እንሄዳለን» አሉት።

ይህ የድሮ ሙግት ወግ ነው። ተሟጋች ፍርዱን ለባላጋራው ይሰጣል። ባላጋራ ዳኛ ከሆነ በኋላ ለራሱ ቢፈርድ ነውር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መሀል ቀና ብሎ አይቀመጥም። ተክሌ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሚስቱ ያን ዕለት ማታ ቤቷ ገባች። እኛ ሴቶቹ በአጥር ቀዳዳ እያየን ነበር፤ እንዴት እንደኮራንባቸው! የራሳችን ሰው ነዋ።

እንግዲህ የኛን ነገር ላውራ። ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የሰፈርንበት ተዳፋት፣ ከቀራንዮ ወዲህ ያለው፣ የአንድ ቀኛዝማች ርስት ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሉ። እኛን ያስገቡን አባታቸው ናቸው። ሽማግሌው በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ በከዘራቸው እያመለከቱ «አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ» ብለው መሩን። ውል የሚባል ወረቀት የለም። በየዓመቱ የቦታ ኪራይ እየከፈልን፣ ጭቃ አቡክተን፣ ቤት ሠራን፣ ልጅ ወለድን። እኔና ታደሰ ያን ዓመት የጣራችንን ሳር አንስተን ቆርቆሮ አልብሰን ነበር። ዝናብ ሲመታው እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በደስታ ነው።

ሽማግሌው ሞተው ልጃቸው ቀኛዝማቹ ወረሱ። አንድ ነጋዴ ቦታውን ለጣውላ መሰንጠቂያ ፈለገው። ልቀቁ ተባልን። አንለቅም ስንል ተከሰስን።

ጋሽ አስፋው ግቢ ተሰበሰብን። የብርቄ የእህት ልጅ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ምክር ይዞ መጣ። ልጁ ደህና ልጅ ነው። ቦታው እንደሆነ የቀኛዝማቹ ነው፣ እሱን አታገኙም አለን። ግን ቤት ስትሠሩ አባታቸው ፈቅደው እንደነበረ በምስክር ካስረዳችሁ፣ በሕጉ የቤታችሁን ግምት ሳይከፍሉ አያስወጧችሁም አለን። ሽማግሌው ሲመሩን የሰሙ፣ ከክሱ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ እነሱን አቅርቡ፣ ጠበቃ ያዙ፣ ብዙ አትናገሩ አለን።

ብዙ አትናገሩ ሲል ሰዉ ሳቀ። አስፋው እያሉልን ጠበቃ? ታደሰ በሳቅ እንባው ወረደ። ልጁ ቀላ። ጋሽ አስፋው ብቻ አልሳቁም፤ ልጁን አመሰገኑት፣ ምስክሮቹንም እናቀርባለን አሉት። እውነት ሊያቀርቧቸውም አስበው ነበር። ሁለቱም ምስክሮች በቀጠሮው ቀን ነጫቸውን ለብሰው ከኛ ጋር መጥተው ውጭ ቆመው ነበር።

ፍርድ ቤቱ ከነአዳራሹ ለእኛ እንግዳ ነው። ዳኛው ወጣት ናቸው፣ መነጽር አድርገዋል። የቀኛዝማቹ ጠበቃ ሙሉ ልብስ የለበሰ አጭር ሰው ነው። ተነሳና አንቀጽ ቁጥር ጠርቶ፣ ጥቂት መስመር አንብቦ ተቀመጠ። ድምፁ እንኳ በደንብ አይሰማም። ይሄ ነው እንዴ ሙግት ብለን ተያየን።

ጋሽ አስፋው ተነሱ። ኩታቸውን አደገደጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ፤ ዳኛው ሳይቀሩ ጎንበስ አሉ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ኮርቻ ስሰፋ ለተቀማጩም ለፈረሱም አስባለሁ። ለተቀማጩ ብቻ ያሰብኩ እንደሆነ የፈረሱ ጀርባ ይቆስላል። የፈረሱ ጀርባ የቆሰለ ዕለት ተቀማጩም በእግሩ ይሄዳል። ቦታው የቀኛዝማች ነው፤ የካደ የለም። ጅብ ያድርበት የነበረውን ሰው ይደርበት ብለው አባታቸው አስገቡን። ‹ጭስ ይታይበት› አሉን። ጭሱን አዩልን፣ ሄዱ። ያን ጊዜ ቀኛዝማች ልጅ ነበሩ። ከአባታቸው ጋር በበቅሎ ሲመጡ ፀሐይ መትቷቸው፣ የዚህች የብርቄ እናት እርጎ ሰጥታቸው በቤቷ ጥላ አሳርፋቸዋለች። ያች ቤት ናት ዛሬ የምትፈርሰው።»

ቀኛዝማቹ መሐረባቸውን አወጡ። እውነቴን ነው፣ አለቀሱ። ችሎት ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ከኋላዬ ሴቶቹ ይንሰቀሰቃሉ። እኔ ሰው ፊት የማላለቅሰው ሴትዮ ነጠላዬን ነክሼ ቆሜ ነበር። ጋሽ አስፋው ይህን ሁሉ አዩ። አዳራሹ በእጃቸው ገባ። ያኔ ነው፣ ያኔ ነው ውጭ የቆሙትን ምስክሮች የረሷቸው።

ዝም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ቀኛዝማቹ ዞሩ።

«ምስክር አልቆጥርም። ሕግ አልጠቅስም። ባላጋራዬ የጨዋ ልጅ ናቸው። ፍርዱን ለእሳቸው ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር ያሳያቸውን ይፍረዱ፤ የፈረዱትን እንቀበላለን።»

ያ አጭሩ ጠበቃ ብድግ ብሎ «ይመዝገብልኝ» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ገብቷቸው ነበር መሰለኝ። «አባቴ፣ የሚሉትን አስበውበታል? ይህ ከተጻፈ አይመለስም» አሉ። ጋሽ አስፋው ከአፌ ወጥቷል አሉ። ዳኛው ግን አሁንም አልተዉም፤ ወደ እኛ ዞረው «እናንተስ? ሁላችሁም በዚህ ትስማማላችሁ?» ብለው ጠየቁን። በር ተከፍቶልን ነበር። አንድ ሰው «ምስክር አለን ጌታዬ» ቢል ይበቃ ነበር። እኛ ግን በአንድ ድምፅ «እንስማማለን!» አልን። መስማማት ብቻ አይደለም፣ ደረታችንን ነፍተን ነው የተናገርነው። ቀኛዝማቹ ያለቅሳሉ፤ ንግግሩ ያንን አድርጎልናል፤ ከዚህ በኋላ ምን ይቀራል?

ቀኛዝማቹ ተነሱ። ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ «አቶ አስፋው፣ እንዲህ ያለ ንግግር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አባቴን አስታወሱኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ብርቄ እልልታዋን አቀለጠችው። ምሕረት መስሏት። እልልታዋ ሲያበቃ ቀኛዝማቹ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «እንግዲህ ፍርዱን ከሰጡኝ፣ ቦታውን ለቀው እንዲያስረክቡኝ ፈርጃለሁ። ክረምቱ እስኪወጣ ታግሻለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ስንወጣ ምስክሮቹ «መቼ ነው የምንጠራው?» ብለው ጠየቁን።

ቀኛዝማቹን ጨካኝ ነበሩ ብዬ ለመሸኘት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አይሆንልኝም። እንባቸው የውሸት አልነበረም። ንግግሩ ልባቸው ድረስ ገብቷል። ገብቶ፣ አስለቅሷቸው፣ ጥሩ ስሜት ሰጥቷቸው ወጣ። መሬቱ ግን ከልብ ጋር ምን አገናኘው። ለራሳቸው ቢፈርዱ ነውር ነው የምንለው እኛ ነን፤ እሳቸው የሚኖሩት ነውሩ በማይነገርበት ሰፈር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ተለውጦ አዋጅ ወጣ፤ ቀኛዝማቹም መሬታቸውን አጡ። ደስ አላለኝም። ቤቴ ያኔ ጣውላ ይሰነጠቅበት ነበር።

መስቀል ሳይደርስ ቤታችንን በገዛ እጃችን አፈረስን። ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ማገሩን በአህያ ጭነን ግማሾቻችን ወደ አስኮ፣ ግማሾቻችን ወደ ኮልፌ ውስጥ ለውስጥ ተበተንን። እድሩም ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ አስፋው ከሁሉም ኋላ ወጡ። ሰው ሲያፈርስ ይረዳሉ፣ ሚስማር ይነቅላሉ፣ ቆርቆሮ ይሸከማሉ፤ አይናገሩም። በዚያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ሞቶ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሲያይ «ሌላ ሰው ይናገር» ብለው ወጡ አሉ።

እኛ አስኮ አንድ ክፍል ተከራየን። ቆርቆሯችን ግድግዳ ተደግፎ ዛገ። ታደሰ ጀርባውን ታሞ ሥራ ቀነሰ። አንድ እሁድ ከሰዓት ቤት አከራያችን ወይዘሮ አልማዝ መጥተው ቁጭ ብለዋል፤ ታደሰ ብርድ ልብሱን አደግድጎ መሀል ክፍሉ ላይ ቆሞ የጋሽ አስፋውን ንግግር ይልላቸዋል። ይህን እሁድ እሁድ ያደርገዋል። ጀርባውን የሚያመው ሰው ያኔ ቀጥ ይላል። «የፈረሱ ጀርባ የቆሰለ ዕለት» የሚለው ጋ ሲደርስ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ጋሽ አስፋው ናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም።

ታደሰ በደስታ ዘሎ አቀፋቸው። ለወይዘሮ አልማዝ «ይኸው ባለቤቱ! እኚህ ናቸው!» አለ። ወይዘሮ አልማዝ ከመቀመጫቸው ተነስተው እጅ ነሱ። ጋሽ አስፋው በጣም ከስተዋል። ኮርቻውን ትተውታል። ጥቂት ቁጭ እንዳሉ ታደሰን ቀና ብለው አዩትና «ታዴ፣ ቤትህን ያስወሰድኩት እኮ እኔ ነኝ» አሉት።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ምን ይደረጋል» አለ ታደሰ። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ «እስቲ ያችን የፈረሱን ነገር እርስዎ ራስዎ ይበሉልን። እኔ አላሳምራትም።»

እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ተነሱ። ለለመናቸው እንቢ ማለት አያውቁም። ሳያደገድጉ፣ እጃቸውን ሳያነሱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉት። ፍርዱን ሰጥቻለሁ እስከሚለው ድረስ አሉት። ወይዘሮ አልማዝ አለቀሱ። ታደሰ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ከፍርድ ቤቱ ይልቅ እዚያች ክፍል ውስጥ አማረ። ሲጨርሱ እራት ብንላቸው አልቀመጥም አሉ።

እስከ ፌርማታ ሸኘኋቸው። አውቶቡስ እየጠበቅን መንገዱን መንገዱን እያዩ ተናገሩኝ።

«ዘነቡ፣ እዚህ ድረስ ለምን የመጣሁ ይመስልሻል? ያን ቀን ከወጣን ጀምሮ አንድ ሰው ‹አስፋው፣ ቤቴን አስበላኸኝ› እንዲለኝ እጠብቃለሁ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ያበሉኛል፣ ያዝኑልኛል፣ ንግግሬን መልሰው ይነግሩኛል። አንቺ ነገር አታልፊም። በይ ልጄ፣ ስደቢኝ።»

ነገር አጥቼ አላውቅም። ዛገ የምለው ቆርቆሮ ነበረኝ፣ የታደሰ ጀርባ ነበረኝ፣ ውጭ የቆሙት ሁለት ምስክሮች ነበሩኝ። ሁሉም አፌ ላይ መጣ። ደግሞ ፊታቸውን ሳይ ያ ድምፅ፣ አሁን ክፍላችን ውስጥ የሰማሁት ድምፅ፣ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እንዴት አድርገው ነበር እኮ የተናገሩት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ አልተሳፈሩም። ጉንጬን ሳም አደረጉኝና በእግራቸው ወደ ኮልፌ ወረዱ።